ጎማው ተቀየረ፤ መኪናዋስ አወቀች?



ከመኪና መሪ ኋላ ከሚበሩት ምልክቶች መካከል ብዙ ሾፌር የሚንቃት አንዲት ትንሽ ቢጫ መብራት አለች። ቅርጿ የፈረስ ኮቴ ይመስላል፤ መሐሉ ላይ ቃለ አጋኖ ተደርጎበታል። የሞተር መብራት ሲበራ ወደ ጋራዥ የሚሮጠው፣ የዘይት መብራት ሲበራ ልቡ የሚደነግጠው ሰው ይህችኛዋን ግን ለወራት እንደበራች ይነዳል። በጥቁር ፕላስተር የሸፈናት ሰው ሳይቀር በዓይናችን አይተናል። ምነው? ብለን ስንጠይቀው መልሱ አጭር ነበር፤ «ጎማ ካስቀየርኩ ጀምሮ እንዲሁ ናት፤ ምንም የለውም።»

ለመሆኑ እውነት ምንም የለውም? በዚህ ወር ልናጫውታችሁ ያሰብነው ይህንኑ ነው። ጉዳዩ የመካኒክ ብቻ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን እናትና ሕፃናት የሚሳፈሩበት መኪና ጉዳይ የቤተሰብ ጉዳይ ነውና ታገሱን።

በቅድሚያ ነገሩ ከየት እንደመጣ እንመልከት። የጎማን ግፊት እየለካ ለሾፌሩ የሚነግር መሣሪያ ለገበያ በቀረበ መኪና ላይ መጀመሪያ የታየው በ1986 (እዚህ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ፖርሽ 959 በተባለች ውድ የጀርመን መኪና ላይ ነበር። ወደ ተራው ሰው መኪና ያወረደው ግን ሐዘን ነው። በ2000 ፋየርስቶን የተባለው የጎማ ኩባንያ 6.5 ሚሊዮን ያህል ጎማዎች እንዲመለሱለት ጠራ። ብዙዎቹ ፎርድ ኤክስፕሎረር በተባለችው መኪና ላይ የተገጠሙ ነበሩ። መኪናዋ በፍጥነት ስትሄድ የጎማው የላይኛው ንጣፍ እየተገነጠለ ብዙዎች ተገልብጠዋል። ለአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት በደረሱት ሪፖርቶች የ271 ሰዎች ሞት ከዚህ ጋር ተያይዟል። ከተነሱት ምክንያቶች አንዱ የአየር ማነስ ነበር። አየር ያነሰው ጎማ በእያንዳንዱ ዙር ጎኑ ይተጣጠፋል፤ ሲተጣጠፍ ይሞቃል፤ ሲሞቅ የተጣበቀው ነገር ይላቀቃል። ኮንግረሱ በዚያው ዓመት ሕግ አወጣ። ከሴፕቴምበር 2007 ጀምሮም አጠቃላይ የክብደት ልካቸው እስከ 10,000 ፓውንድ (4,536 ኪሎ) የሆኑ አዳዲስ መኪኖች፣ ፒክ አፖችን ጨምሮ፣ ይህችን መብራት ይዘው እንዲወጡ ግዴታ ሆነ።

ሕጉ መብራቷ እንድትበራ የሚያዘው ግፊቱ ከተወሰነለት በ25 በመቶ ሲወርድ ነው። የተወሰነለት የሚባለው የትኛው ነው? በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ በተለጠፈው ወረቀት የተጻፈው ነው እንጂ በጎማው ጎን ላይ የታተመው አይደለም። የጎማው ጎን የሚናገረው ጎማው ሊሸከም የሚችለውን የመጨረሻ ልክ ነው። በሩ ላይ 35 ፒኤስአይ ቢል፣ መብራቷ የምትበራው 26 ገደማ ሲደርስ ነው። ይህም ማለት መብራቷ እስክትበራ ድረስ ጎማው ሩብ ያህሉን ግፊት አጥቷል ማለት ነው። እንግዲህ ይህችን መብራት ነው ፕላስተር የምንለጥፍባት።

እኛ የምንኖረው በአሜሪካ፣ በኮሎራዶ ክፍለ ግዛት፣ ኦሮራ በምትባል ከተማ ነው። በሥራ ቀናት በመንግሥት ትምህርት ቤት፣ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ በመድረሳ እናስተምራለን። ከአማቻችን ጋር በሽርክና የገዛናት የ2016 ስሪት ሸቭሮሌ ሲልቨራዶ ፒክ አፕ አለችን። አማቻችን ቀለም ቀቢ ነው። ሥራው በአብዛኛው ከዴንቨር በስተምዕራብ ባሉት የተራራ ከተሞች ስለሆነ ኢንተርስቴት 70 የተባለውን ታላቅ መንገድ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ይመላለስበታል። ይህ መንገድ አይዘንሃወር በተባለው ዋሻ በኩል 3,400 ሜትር ከፍታ ላይ ይደርሳል። ከጣርማ በር ዋሻ የሚበልጥ ከፍታ ነው።

በ2019 በወጣ የክፍለ ግዛቱ ሕግ መሠረት ከሞሪሰን እስከ ዶትሴሮ ባለው የዚህ መንገድ ክፍል ላይ በየዓመቱ ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31 ለበረዶ የተዘጋጀ ጎማ ወይም ሕጉ የሚፈቅደውን ሌላ ዝግጅት መያዝ ያስፈልጋል። የጎማው ጥርስም ቢያንስ 3/16 ኢንች፣ ማለትም 5 ሚሊ ሜትር ያህል ጥልቀት እንዲኖረው ይፈለጋል። በዚህ የተነሳ እኛን የመሰለ ብዙ ቤተሰብ ሁለት ሙሉ የጎማ ስብስብ አለው። የክረምቱ አራት በአራት ቸርኬ፣ የበጋው አራት በሌላ አራት ቸርኬ። በዓመት ሁለት ጊዜ አንዱ ይወርዳል፣ ሌላው ይወጣል። ችግሩም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ሴንሰሩ የተቀመጠው ከቸርኬው ውስጥ፣ አየር የምንሞላበት ቫልቭ ሥር ነው። የአውራ ጣት ያህል የሆነች ፕላስቲክ ሣጥን ናት። በውስጧ ባትሪ፣ የግፊትና የሙቀት መለኪያ፣ ትንሽዬ ሬዲዮ አሉ። ቸርኬው መሽከርከር ሲጀምር ትነቃለች፤ በየተወሰነ ጊዜ በሬዲዮ ሞገድ መልእክት ትልካለች። ሞገዱ በሰሜን አሜሪካ በአብዛኛው 315፣ በአውሮፓ 433 ሜጋኸርዝ ነው። መልእክቷም «ቁጥሬ ይህ ነው፤ ግፊቴ ይህን ያህል ነው፤ ሙቀቴም ይህን ያህል ነው» የሚል ነው። ከዚህ የዘለለ አትናገርም። እያንዳንዷ ከፋብሪካ ስትወጣ የተሰጣት፣ ሌላዋ የማትጋራው ቁጥር አላት። ባትሪዋ ከነሣጥኗ የታሸገ ስለሆነ ሲያልቅ አይቀየርም፤ ሙሉዋ ትቀየራለች። ዕድሜዋም ከ5 እስከ 10 ዓመት ገደማ ነው።

ልብ በሉ! ሴንሰሯ ቁጥሯን ታውቃለች፤ የት እንደተቀመጠች ግን አታውቅም። ቀኝ ይሁን ግራ፣ ፊት ይሁን ኋላ፣ ለእርሷ ሁሉም አንድ ነው። ቦታዋን በመዝገብ ጽፋ የምትይዘው መኪናዋ ናት። አዲስ ክፍል የገባ መምህር የተማሪዎቹን ስም ይዞ ማን የት እንደተቀመጠ ካላወቀ ምን ይሆናል? «አንተ!» ብሎ ያልረበሸውን ያስነሳል። የእኛዋን ፒክ አፕ የገጠማት ይኸው ነው።

በጁን መጀመሪያ የክረምቱን ጎማ አስወርደን የበጋውን ለማስገጠም መኪናዋን ወደ አንድ ጎማ ቤት ላክናት። ስትመለስ መብራቷ አትበራም፤ በዳሽቦርዱ ላይ የአራቱም ጎማ ግፊት በቁጥር ይታያል። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? ሁለት ሳምንት እንዲሁ ተነዳች።

አንድ ቀን ከዐስር በኋላ አማቻችን ሁለት ሴቶች ልጆቹን ይዞ ከፍሪስኮ ከተማ ወደ ቤት ሲመለስ ዋሻውን እንዳለፈ ቢጫዋ መብራት በራች። ዳሽቦርዱም «ቀኝ ፊት፣ ዝቅተኛ ግፊት» አለ። አማቻችን የዋዛ ሾፌር አይደለም። ጆርጅታውን ሲደርስ ከመንገዱ ወጥቶ ነዳጅ ማደያ አቆመና መለኪያውን አውጥቶ የቀኝ ፊቱን ጎማ ለካ። 38 አለው። የሞቀ ጎማ ስለሆነ ደኅና ቁጥር ነው። እንደገና ለካ፤ ያው 38። «ኤሌክትሮኒክስ ነው፤ ይቀባጥራል» ብሎ ቁልቁለቱን ቀጠለ።

ወደ አይዳሆ ስፕሪንግስ ሲቃረብ ከኋላ በኩል መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከዚያም የግራ ኋላው ጎማ ፈነዳ። ከኋላ መሰላል፣ የቀለም በርሜልና የመርጫ ሞተር ተጭኗል። አላህ አዘነለትና ፍሬን ሳይረግጥ መሪውን አጥብቆ ይዞ በቀኝ በኩል ወዳለው ዳር ሊያወጣት ቻለ። በጨለማ፣ ከባድ መኪኖች በአጠገቡ እያፏጩ ሲያልፉ፣ ልጆቹን ከብረት አጥሩ ማዶ አቁሞ ስኮርቱን ለወጠ። ታናሿ ልጅ ለብዙ ቀናት ፒክ አፗ ውስጥ መግባት አልፈልግም ብላ ነበር።

ማታ ቤት ሲደርስ የተናገረውን አንረሳውም። «ኡስታዝ፣ መኪናዋ እኮ አይታ ነግራኛለች፤ ጣቷን የቀሰረችው ግን ወደ ሌላ ነው።»

በማግስቱ ከመኪናዋ ጋር ተያየን። አብሮን የነበረው ለጥየቃ ከደሴ የመጣው አጎታችን ነው። አጎታችን ፊያት ኤንትሬ ይዞ ከአሰብ በዲቼቶ፣ በሚሌና በባቲ አድርጎ ኮምቦልቻ ሲመላለስ የኖረ፣ በ1998 ጦርነቱ ተነስቶ የአሰብ መንገድ እስኪዘጋ ድረስ ከመሪው ያልተለየ ሰው ነው። በእርሱ ዘመን የጎማ ሴንሰር የሚባለው ረዳቱ ነበር። ረዳቱ በየማረፊያው ወርዶ ጎማዎቹን በብረት እየመታ በድምፃቸው ይለያል። ሙሉው ይጮኻል፤ የጎደለው ይታፈናል። በተለይ ከኋላ ጥንድ ሆነው ከተገጠሙት አንዱ ሲተነፍስ ሌላው ስለሚሸከምለት በዓይን አይታይም፤ ስለዚህ ይህ ዘዴ ብዙ ሰው አድኗል። እውነቱን ለመናገር ግን የፈሰሰውን ከሙሉው ይለያል እንጂ 35ቱን ከ28ቱ አይለይም።

አጎታችን ዳሽቦርዱን ትኩር ብሎ አየና «አንተ ልጅ፣ ስኮርቱ የገባው የት ነው?» አለ።

«ግራ ኋላ ነው፣ ጋሼ።»

«ሴንሰር አለው?»

«ስኮርት ሴንሰር የለውም።»

«ታዲያ ሰረዙ ለምን ቀኝ ፊት ላይ ወጣ?»

እውነትም ሦስቱ ቦታ ቁጥር፣ አንዱ ቦታ ሰረዝ አለ። ሰረዝ ማለት «የዚህን ድምፅ አልሰማሁም» ማለት ነው። ያልተሰማው የፈነዳው ጎማ ሴንሰር ነው፤ የተሰበረው ግራ ኋላ ሲሆን መኪናዋ የምታውቀው ግን በቀኝ ፊትነት ነው። ለማረጋገጥ ከቀኝ ፊቱ ጎማ ጥቂት አየር አስተነፈስንና ሰፈሩን አንድ ዙር ዞርን። በዳሽቦርዱ ላይ የወረደው የግራ ኋላው ቁጥር ሆነ። የጎማ ቤቱ ሠራተኛ ሴንሰሮቹን ሲያስመዘግብ ከቀኝ ኋላ ጀምሮ ዞሯል ማለት ነው። መኪናዋ የምትጠብቀው ግራ ፊትን ነበር፤ የመጣላትን ሁሉ በተራው በዚያው ስም ጻፈችው። አራቱም ስሞች በሰያፍ ተገለባበጡ።

ሄደን በትሕትና ጠየቅናቸው። ከባንኮኒው ኋላ የነበረው ሰው «መብራቷ ጠፍታ አልነበረም እንዴ?» አለን። ጠፍታ ነበር። የጎማ ቤት ሥራ እዚያ ላይ የሚያበቃ ከሆነ ክርክሩ ምን ይጠቅማል? የልጆቻችን እናት፣ የአማቻችን እህት ናትና፣ አንድ ነገር ብቻ አለች፤ «ወንድሜ ልጆቹን ይዞ ተራራ ሲወጣ መኪናዋ እውነቱን ትንገረው። ይህን እናንተው አድርጉት፤ ለሰው አትተዉት።»

እኛው አደረግነው። ያን ያህል ከባድ አይደለም። ሌላ ጎማ ቤት ሄደን አዲስ ጎማና ለፈነዳው ቸርኬ አዲስ ሴንሰር አስገጠምን። ሴንሰሩ ከመኪናዋ ሞገድ ጋር የሚስማማ፣ 315 መሆኑን አስቀድመን አረጋገጥን። ከሌላ አገር የመጣ 433 ሴንሰር ቢገባ ቢጮህም አይሰማም፤ አማርኛ ለማያውቅ ሰው በአማርኛ እንደመጣራት ነው። ጎማው ከቸርኬው ጋር ከመገናኘቱ በፊት ሴንሰሩ መሥራቱን በመቀስቀሻው ማየትም ብልህነት ነው። ከተዘጋ በኋላ አልሠራም ቢል ጎማውን እንደገና ማውለቅ ግድ ይሆናልና።

መቀስቀሻ ያልነው ከእጅ ባትሪ የማይበልጥ መሣሪያ ነው። ዋጋው ከአንድ ቤተሰብ የምግብ ቤት ራት አይበልጥም። አንዲት ቁልፍ አለችው። ስትጫን 125 ኪሎኸርዝ በሆነ ዝቅተኛ ሞገድ ሴንሰሯን «ተነሽ፣ ስምሽን ተናገሪ» ይላታል። ዕድሜ ጠገብ በሆኑት የዚህ ኩባንያ መኪኖች ጎማውን ለጥቂት ሰከንዶች በማስተንፈስም ሴንሰሯን መቀስቀስ ይቻል ነበር። በአዳዲሶቹ ላይ ግን በመሣሪያው መሥራቱ ይሻላል።

መጀመሪያ አራቱንም ጎማ በቀዝቃዛነታቸው፣ ማለትም መኪናዋ ሌሊቱን ቆማ ካደረች በኋላ፣ በበሩ ላይ በተጻፈው ልክ ሞላን። በጋራዡ ግድግዳ ሥር ተደርድረው የነበሩትን የክረምት ጎማዎች ወደ ጓሮ አስወጣናቸው። መቀስቀሻው በቅርቡ ያገኘውን ሁሉ ሊቀሰቅስ ስለሚችል እነርሱም «አቤት» እንዳይሉ ነው። መኪናዋን ሜዳ ላይ አቁመን የእጅ ፍሬኑን ያዝን። ሞተሩን ሳናስነሳ ኤሌክትሪኩን ብቻ ከፈትን። በመሪው ላይ ባሉት ቁልፎች የጎማ ግፊት የሚታይበትን ገጽ አምጥተን የማጽደቂያውን ቁልፍ ተጭነን ያዝነው። ክላክሱ ሁለት ጊዜ ጮኸ፤ «ጎማ በመማር ላይ» የሚል ጽሑፍ መጣ። የግራ ፊቱ ፍሬቻም በራ። ከዚህ በኋላ ጊዜው ይቆጠራል። የመጀመሪያውን ጎማ ለማስመዝገብ 2 ደቂቃ፣ ለአራቱም በጠቅላላ 5 ደቂቃ ነው። ካለፈ መኪናዋ ትታው ትወጣለች፤ እንደገና መጀመር ነው።

የአሥር ዓመቷ ልጃችን መቀስቀሻውን ይዛ ወደ ቀኝ በኩል ልትሄድ ስትል «በግራ ነው የሚጀመረው» አልናት። ቆም ብላ አየችን። «መድረሳ በቀኝ ነው የሚጀመረው ብላችሁ አስተምራችሁን የለ!» ልጅ እውነቷን ነው። ጫማ ስናጠልቅም፣ ስንበላም፣ ሰው ስናስተናግድም በቀኝ መጀመርን ከሎህ ጋር የተማርን ሰዎች ነን። አጎታችን ከት ብሎ ሳቀና «ይህችኛዋ መድረሳ አልገባችም፤ እንደ ሠሪዋ ፈቃድ ሂጂላት» አላት።

ግራ ፊት፤ መቀስቀሻው ከጎማው ጎን፣ ቫልቩ ካለበት አጠገብ ተደገፈ። ክላክሱ አንዴ ጮኸ። ቀኝ ፊት፤ ጮኸ። ቀኝ ኋላ ላይ ዘገየ፤ ልጃችን መቀስቀሻውን ዝቅ አድርጋ ወደ ቫልቩ ስታስጠጋው ጮኸ። ግራ ኋላ፣ አዲሱ ሴንሰር፣ ከሁሉም ቀድሞ ጮኸ። መማሩ አበቃ። ጠቅላላው ሦስት ደቂቃ አልፈጀም።

ከዚያ በኋላ ግን ጎማ ቤቱ ያላደረገውን አንድ ነገር አደረግን። ከግራ ፊቱ ጎማ ሁለት ፒኤስአይ ያህል አስተነፈስን፤ ዞረን መጣን፤ ግራ ፊት ወረደ። ሞላነው። ሌላውንም እንዲሁ በየተራ። አማቻችን እያንዳንዱን ቁጥር ራሱ እያየ «እሺ… እሺ…» ይል ነበር። አራተኛው ላይ ሲደርስ ዝም አለና ሄዶ ታናሿን ልጁን አምጥቶ በሾፌሩ ወንበር ላይ አስቀመጣት። ከሁለቱ ፒኤስአይ ውስጥ የመጨረሻዋን ራሷ ስትነፋ ቁጥሩ ሲወጣ እንድታይ ነው።

ይህ ሥርዓት የእኛዋ መኪና ነው። የሌላው ይለያል። በቀደሙት የፎርድ ፒክ አፖች ላይ የሞተሩን ቁልፍ ሦስት ጊዜ ከፍቶ መዝጋት፣ ፍሬን ረግጦ መልቀቅ፣ እንደገና ሦስት ጊዜ ከፍቶ መዝጋት ይጠይቃል፤ ተራው ግን ያው ከግራ ፊት ተነስቶ በግራ ኋላ የሚያበቃ ነው። በአብዛኛዎቹ ቶዮታዎች ደግሞ የአዲሶቹ ሴንሰሮች ቁጥር በኮምፒውተር መሣሪያ ወደ መኪናው መጻፍ አለበት። ከመሪው ሥር ያለችው ቁልፍ የግፊቱን መነሻ ልክ ትይዛለች እንጂ አዲስ ሴንሰር አታስተዋውቅም። ቁልፏን ደጋግመው እየተጫኑ «እምቢ አለ» የሚሉ ወንድሞች ብዙ ናቸው። ቦታቸውን ራሳቸው የሚለዩም አሉ። አንዳንዶች ደግሞ በጎማው ውስጥ ምንም ሴንሰር የላቸውም፤ የትኛው ጎማ ከሌሎቹ ፈጥኖ እንደሚሽከረከር አይተው አየር ማነሱን ይገምታሉ። አየር ያነሰው ጎማ ዙሪያው ስለሚያጥር ፈጥኖ ይዞራልና። በእነዚህ ላይ ጎማ በተቀየረ ወይም አየር በተሞላ ቁጥር በመኪናው ዝርዝር ገብቶ «ይህ ልኩ ነው» ብሎ ማጽደቅ ያስፈልጋል። የመኪናውን መመሪያ መጽሐፍ ከፍቶ ማንበብ ነው። መጽሐፉ ከነፕላስቲኩ የሚቀመጥ ጌጥ አይደለም።

አገር ቤት ላሉት አንባቢዎቻችንም ይህ ሩቅ ነገር አይደለም። ቻይና ከ2020 ጀምሮ በአገሯ ለሚሸጡ አዳዲስ የቤት መኪኖች የጎማ ግፊት መቆጣጠሪያን ግዴታ አድርጋለች። ዛሬ አዲስ አበባ ላይ ከሚታዩት የኤሌክትሪክ መኪኖች ብዙዎቹ ይህንኑ ይዘው የገቡ ናቸው። ስለዚህ ጎሚስታው ዘንድ ስትሄዱ ጎማውን በብረት ከመፈልቀቁ በፊት «ቫልቩ ሥር ሴንሰር አለ» በሉት። ብረቱ በቫልቩ በኩል ከገባ ሴንሰሩን ሰብሮ ነው የሚወጣው። የብረት ቫልቭ ላይ ከነሐስ የተሠራ ክዳን ማጥበቅም ጥሩ አይደለም። ሁለቱ ብረቶች እየተዛገጉ ይጣበቁና ክዳኑን ለመፍታት ሲታገሉ ቫልቩ ይሰበራል። ርካሿ ፕላስቲክ ክዳን ትበልጣለች።

መብራቷ ስትበራ እንዴት እንደምትበራም አስተውሉ። ሞተሩ እንደተነሳ በርታ ካልጠፋች አየር ጎድሏል፤ ውረዱና አራቱንም ለኩ። ከ60 እስከ 90 ሰከንድ ያህል ብልጭ ድርግም ብላ ከዚያ ቀጥ ብላ ከቀረች ግን ችግሩ ከራሱ ከመቆጣጠሪያው ነው፤ አንዱ ሴንሰር ሞቷል ወይም አልተመዘገበም ማለት ነው። ይህ ሁለተኛው ዓይነት መብራት ጎማው ደኅና ነው አይልም። «አላውቅም» ነው የሚለው።

የብርድ ጠዋትም አለ። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ፋረንሃይት (5 ተኩል ሴልሺየስ ያህል) በወረደ ቁጥር ከጎማው 1 ፒኤስአይ ገደማ ይወርዳል። በእኛ ከተማ ከቀትር እስከ ንጋት 20 ሴልሺየስ መውረድ ብርቅ ስላልሆነ ማታ ጠፍታ የነበረችው ጠዋት ትበራለች፤ ከተነዳ በኋላ ጎማው ሲሞቅ ትጠፋለች። ብዙ ሰው «ራሷ ተስተካከለች» ይላል። አልተስተካከለችም፤ ጎማው ቀድሞውኑ ጎድሎ ከጠርዙ ላይ ነው ያለው። ከፍታው ደግሞ በተቃራኒው ይሠራል። ከዴንቨር እስከ ዋሻው ሲወጣ የውጪው አየር ስለሚሳሳ በመለኪያ ላይ የሚታየው ግፊት 2 ፒኤስአይ ገደማ ይጨምራል። ስለዚህ ተራራ ላይ ሆኖ ከጎማ አየር መቀነስ አይገባም፤ ሲወርዱ ይጎድላል።

ባለ አሥራ ስምንት ጎማ የሚነዱት ወንድሞቻችን «እኛስ?» ይሉ ይሆናል። የአሜሪካው ሕግ ከ10,000 ፓውንድ በላይ ያለውን አይጨምርም፤ ኩባንያው ካልገጠመላቸው በቀር የአጎታችን ብረት አሁንም ሥራ አላት። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ግን ከጁላይ 2024 ጀምሮ አዲስ የሚመዘገቡ ከባድ መኪኖችና ተሳቢዎች ሁሉ መቆጣጠሪያው እንዲኖራቸው ተደርጓል።

በመጨረሻ ስለ ስኮርቱ። የእኛዋ መኪና ስኮርት ከጭነት ሣጥኑ በታች፣ ከሆዷ ሥር ተንጠልጥሎ ነው ያለው። ሴንሰር ስለሌለው ዳሽቦርዱ ስለ እርሱ የሚናገረው የለም፤ ዓመት ሙሉ ሳይታይ ይጎድላል። ያን ሌሊት በአይዳሆ ስፕሪንግስ ዳር የወረደው ስኮርት ሙሉ ባይሆን ኖሮ ሁለቱ ልጆች ከአጥሩ ማዶ ስንት ሰዓት ይቆሙ ነበር? አማቻችን በየወሩ ከሥሯ ተንበርክኮ ይለካው ነበርና ሙሉ ሆኖ ተገኘ። አሁን ረዥም ቱቦ ያለው መለኪያ ገዝተንለታል፤ ልብሱን ሳያቆሽሽ ከጎን ሆኖ ይደርስበታል።